ያረጀና የተጣለ ፈረስን ማስታመምና ማላመድ በወሎ

ያረጀና የተጣለ ፈረስን ማስታመምና ማላመድ ማለት ከጭነት፣ ከጋሪ ወይም ከግልቢያ ወጥቶ በመንገድ ዳርና በግጦሽ ሜዳ የተለቀቀን ፈረስ አንስቶ፣ አካሉን መመለስና ሰውን ዳግመኛ እንዲያምን ማድረግ ነው። ሥራው ከሚጠይቀው ገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀው ጊዜና ትዕግሥት ይበልጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚከናወነው በአንድ ቤተሰብ ጓሮ ነው።

ከለጋምቦና ከወረኢሉ እስከ ደላንታ፣ ዋድላና መቄት በተዘረጋው ገብስ አብቃይ ደጋ ፈረስ እህል ወደ ገበያ ያደርሳል፣ ሰው ያመላልሳል፣ በጥምቀትና በሠርግ ቀን ተሸልሞ ይወጣል፤ እንደ ኮምቦልቻና ቆቦ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ደግሞ ጋሪ ይጎትታል። የወሎ ፈረሰኛ ዝና በታሪክም የተመዘገበ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከዘመቱት መካከል የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ይገኙበታል፤ ራስ ሚካኤል ራሳቸው አባ ሻንቆ በሚል የፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። መሪው በፈረሱ ስም በሚጠራበት ባህል ውስጥ ግን የፈረሱ የእርጅና ዘመን ቦታ አላገኘም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱ እንስሳውን የሚያነሳው በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ያረጀ ፈረስ የሚለቀቅበት ምክንያት በአብዛኛው ጭካኔ አይደለም። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በልማድ የፈረስ ሥጋ ስለማይበላ፣ ያረጀ በሬ ሰብቶ እንደሚሸጠው ፈረስን ሸጦ ሌላ መግዛት አይቻልም። በዚህ ላይ የበልግ ዝናብ ሲቀር በደጋው የሚገኘው ጭድና ሣር ለሚያርሱት በሬዎችና ለምታጠባው ላም እንኳ አይበቃም። ባለቤቱ ልጓሙን አውልቆ ሲለቀው ብዙ ጊዜ ከልቡ እያዘነ ነው። የተለቀቀው ፈረስ ግን ጥርሱ ያለቀ፣ ጀርባው የቆሰለና ከጅብ ለመሸሽ አቅም ያነሰው ስለሚሆን፣ ለብቻው ብዙ ወራት የመቆየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

እንስሳው ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ዕድሜውንና ሁኔታውን ማወቅ ነው። በገበያ እንደሚደረገው ከንፈሩ ተገልጦ የፊት ጥርሶቹ ይታያሉ። በላይኛው መንጋጋ በዳርኛው የፊት ጥርስ ላይ 10 ዓመት ገደማ ሲሞላው ከድዱ ሥር አንድ ቦይ ብቅ ይላል፤ በ20 ዓመት ገደማም ቦዩ እስከ ጥርሱ ጫፍ ይደርሳል። ይህ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የበላውን ድርቆሽ አላምጦ እንደ ኳስ ጠቅልሎ የሚተፋ ፈረስ ካለ ችግሩ የምግብ ፍላጎት ማጣት ሳይሆን መንጋጋው ነው፤ ሹል የሆኑት የመንጋጋ ጥርሶች በሐኪም መሞረድ አለባቸው።

ርኅራኄ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመኖው ላይ ነው። አጥንቱ የገጠጠ ፈረስ ያየ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ ገብስ በቁና ሰፍሮ ማቅረብ ነው፤ ይህ ስጦታ ግን ሊገድለው ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ስታርች፣ ማለትም እንደ ገብስ ባለ እህል ውስጥ የሚበዛው ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር፣ ሲገባበት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑም በደም ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፈረስ፣ ማግኒዝየምና ፖታስየም ወደ ሴሎች ስለሚያስገባው ልብና መተንፈሻ ሊደክሙ ይችላሉ። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ጥሩ ድርቆሽ፣ ከተገኘም አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ነው፤ አልፋልፋ ስታርቹ ትንሽ፣ ፎስፈረሱና ማግኒዝየሙ ደግሞ የተሻለ ነው። በየ4 ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን 6 ጊዜ ያህል ይሰጣል፤ መጠኑም በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። ጥርሱ ላለቀ ፈረስ መኖው ተከትክቶና በውኃ ርሶ ይቀርባል። ደረቅ ጭድ ብቻውን ለእንዲህ ያለ ፈረስ የሆድ ቁርጠት ምክንያት ይሆናል። ውኃ ሁልጊዜ አጠገቡ መኖር አለበት፤ ደሴን በመሰለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሌሊቱ ብርድ ውኃውን ስለሚያቀዘቅዘው ለብ አድርጎ ማቅረብ ያረጀው ፈረስ ይበልጥ እንዲጠጣ ይረዳል። አሞሌ ጨው እንዲልስ ማድረግም ይጠቅማል።

ቁስሉ ሌላው ምዕራፍ ነው። ገጣባ የሚባለው የጀርባ ቁስል የሚመጣው ከኮርቻና ከጭነት ሥር ያለው ድልድል ሲሳሳ ወይም ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ነው፤ የአፉ ጥግ በልጓም፣ የጭራው ሥር ደግሞ ከኋላ በሚያልፈው ጠፍር ይቆስላል። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ማጠብና ዝንብ መከላከል የመጀመሪያው እርዳታ ነው። ፈረስ ለቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) እጅግ ተጋላጭ ስለሆነ ክትባቱን ማሰብ ያስፈልጋል። በእግሩና በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ እያበጠ የሚፈነዳ እብጠት ካለ፣ የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃው በፈንገስ የሚመጣ የሊንፍ ሥር በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲሱ ፈረስ ለብቻው ይቆያል፣ የእሱ ዕቃም ለሌላ አይዋልም። ምርመራ ለሚፈልግ ሰው በኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ይገኛል። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይቆረጣል። መገጣጠሚያው ያረጀ ፈረስ እግሩን ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መያዝ ስለሚያመው፣ ዝቅ አድርጎ ለአፍታ ይዞ ማሳረፍ ተገቢ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የፈረሱን ሕመም እልኸኝነት አድርጎ ይተረጉመዋል።

እምነት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ጋር እንጂ ከዚህ ሁሉ በኋላ አይደለም። ፈረስ ዓይኖቹ ከራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ማለት ይቻላል ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው ጀርባ ያለውን ጠባብ ቦታ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ከፊት ወይም ከኋላ የሚመጣ ሰው ያስደነብረዋል። የሚሻለው ከሩቅ ድምፅ እያሰሙ፣ ዓይኑን ሳያፈጡበት፣ ወደ ትከሻው በሰያፍ መቅረብ ነው። ራሱን ቀና አድርጎ ጆሮውን ካቆመ እዚያው መቆም፣ ሲረጋጋ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ያ የኋሊት እርምጃ ለፈረሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መረጋጋቱ ሰውየውን እንደሚያርቅለት ሲገነዘብ፣ መሸሽ አያስፈልገውም። ዓይኑ የሞራ ግርዶሽ ለያዘው ሽማግሌ ፈረስ ከእጅ በፊት ድምፅ ይቀድማል።

ፈረሶች እርስ በርስ ሲዋደዱ ጋማቸው በሚያልቅበት በጫንቃቸው ላይ ይተካከካሉ፤ ሰውም እዚያው ቦታ ሲያክላቸው የልባቸው ምት ዝግ ይላል። የጭነት ፈረስ ገጣባ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ለጤናማ ፈረስ የፍቅር ቦታ የሆነው ለእሱ የሕመሙ ቦታ ስለሆነ፣ እጅ ከአንገትና ከደረት ጀምሮ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይሄዳል። ጅራፍና አለንጋ ከግቢው መውጣት አለባቸው፤ ክንድ በድንገት ማንሳትም እንደ ጅራፍ ይቆጠራል። ከልጓም ይልቅ ለስላሳ የገመድ አንገት ማሰሪያ ይመረጣል። መኖውን የሚያቀርበው አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት አመጣጥ ቢሆን ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚታለለው ዝም ብሎ በቆመ ፈረስ ነው። ለዓመታት የተመታ ፈረስ መቃወም ምንም እንደማይለውጥ ስለተማረ፣ ዓይኑ ፈዝዞ የሚደረግበትን ሁሉ ይቀበላል። ይህ እምነት አይደለም። እምነት የሚታወቀው ጆሮው ወደ ሰውየው ሲዞር፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ሲልስ፣ የኋላ እግሩን አሳርፎ ሲያንቀላፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይጠሩት ራሱ ሲቀርብ ነው። ቀድሞ ፈዞ የነበረ ፈረስ በመሃል ጊዜ እምቢ ማለት ቢጀምር መደሰት ይገባል፤ እምቢታው እንደሚሰማለት ማመን ጀምሯል ማለት ነው።

ፈረስ የመንጋ እንስሳ ስለሆነ ለብቻው አይታሰርም፤ ሌላ ፈረስ ከሌለ አህያ፣ አህያም ካልተገኘ በግ አብሮት ይዋል። ለሌሊቱ የእሾህ አጥር ጅብን አያቆምም፤ ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ጋጣ ያስፈልጋል። የደጋ ፈረስን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወደ ቆላ ማውረድም አይመከርም፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ነፍሳት ከክረምቱ በኋላ በሞቃትና እርጥበት ባለው አካባቢ ይበዛሉ።

በደህና የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። መነሳት ሲያቅተው፣ መብላት ሲያቆምና ሕመሙ በመድኃኒት የማይበርድ ሲሆን ግን በሐኪም መድኃኒት ሳይሠቃይ እንዲሞት ማድረግ ለጅብ ከመተው የተሻለ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ በለመደው ሰው እጅ፣ በለመደበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ሬሳው በጥልቅ ጉድጓድ መቀበርና በድንጋይ መጫን አለበት፤ በሰውነቱ የቀረው የማደንዘዣ መድኃኒት ሬሳውን የሚበሉትን ጥንብ አንሣዎች፣ ውሾችና ጅቦች ይገድላልና።