ፈርዖንን ጎረቤት አትፈልጉት

ደሴ ቡና ላይ ቁጭ ብዬ «መጽሐፍ ቅዱስ የታሪክ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ የገዛ ውስጣችንን የምናነብበትም ነው» ያልኩ እንደሆነ አቦሉ ሳይቀዳ ተቃውሞው ይጀምራል። ሁሌ ያው ነው። ሰለቸኝ፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ይሄ የፈረንጅ ፍልስፍና ነው።» አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያሉ ሲያፍታቱ ኖረዋል፤ አንድምታ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ጳውሎስ ራሱ ስለ አጋርና ሣራ ሲጽፍ ነገሩ ምሳሌ ነው ይላል፤ ገላትያ 4፥24።

«ለተማረ ሰው ነው።» እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰምና ወርቅ ግን አያመልጣትም ነበር።

«የክርስቲያን ብቻ ነው።» ወሎ ተወልዶ እንዲህ የሚል ሰው ይገርመኛል። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ተቆጥታ ስትበርድ «ነፍሲያዬ አሸነፈችኝ» ትላለች። ከነፍሲያ ጋር ትግል የሱፊዎች ዋና ትምህርት ነው።

«ምሳሌ ከሆነ ታሪኩ አልተፈጸመም ማለት ነው።» ላሊበላ የሄደ ይመልስልኝ። በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ያለው ወራጅ ዮርዳኖስ ይባላል። ላስታ ውስጥ ዮርዳኖስ ስላለ የዚያኛው ውኃ ደረቀ? አንድምታም ቢሆን ቀጥተኛውን ታሪክ አስቀድሞ ነው ወደ ምሥጢሩ የሚገባው።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይሄ ነው፦ «የውስጥ ንባብ ማለት ያሻህን መፍታት ነው።» አንድ ወዳጄ ዘጸአትን አንብቦ «ፈርዖን አከራዬ ነው፣ ግብፅም ይሄ ኪራይ ቤት» አለኝ። ወንድሜ፣ ይሄ ሐሜት እንጂ ትርጓሜ አይደለም! መጽሐፉን ወደ ውስጥ ካነበብከው ፈርዖኑም አንተ ነህ። ጣትህ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ መጽሐፉን ዝጋና ቡናህን ጠጣ።

ደግሞ ዝርዝሩን አትዝለል። ምዕራፍ 8ን ቀስ ብለህ አንብብ። የፈርዖን ቤት በጓጉንቸር ተሞልቷል፤ መኝታው ላይ፣ ቡኾ ዕቃው ውስጥ ሳይቀር። ሙሴ «መቼ ልጸልይልህ?» አለው። ሰው ነው የተባለ ሁሉ «አሁኑኑ!» ይላል አይደል? እሱ ምን አለ? «ነገ።» ሌሊቱን ከጓጉንቸር ጋር ሊያድር! ቀለል ሲለው ደግሞ መልሶ ልቡን አደነደነ።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። በአባታችን ቤት ምክንያት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ዓመት አልፎናል። እሱ ኮምቦልቻ ነው፣ ከእኔ የአንድ ታክሲ መንገድ። ሽማግሌዎች በመጡ ቁጥር መልሴ አንድ ነበር፦ ነገ እደውላለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አለኝ። ቁጥሬን አጥፍቶታል።