ማይነር ኮርድ ምንድን ነው? (ከጥቁር ቁልፍ ጋር ምንም አያገናኘውም)

ሰሞኑን አንድ ልጅ ኪቦርድ ሲያስተምር በቪዲዮ አየሁ። እጁ ጎበዝ ነው፣ አያያዙም ያምራል። ሲ ሜጀርን (ሲ፣ ኢ፣ ጂ አንድ ላይ የሚመቱበትን ኮርድ) ያዘና መሀል ጣቱን ከነጯ ኢ ወደ ጎኗ ጥቁር ቁልፍ አንሸራቶ «አያችሁ አይደል፣ ጥቁር ሲገባበት ማይነር ይሆናል፣ ለዛ ነው የሚያሳዝነው» አለና ወደ ሌላ ነገር አለፈ። አንዴ ብቻ የሰማሁት ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ግን በዚህ ወር ብቻ ሶስት ተማሪዎች ይሄንኑ ይዘው መጥተውብኛል፣ አንዷማ ደብተሯ ላይ በቀይ አስምራበታለች።

ወንድሜ፣ እስቲ ኤ ማይነርን ያዘው። ኤ፣ ሲ፣ ኢ። ጥቁሩ የታለ? ዲ ማይነር ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ ነው። ኢ ማይነር ኢ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ሁሉም ነጭ በነጭ። አሁን ደሞ ዲ ሜጀርን ያዝ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ (ከኤፍ በላይ ያለችው ጥቁር)፣ ኤ፣ ጥቁሯ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች ኮርዱ ግን ሜጀር ነው። ኤ ሜጀር ላይ ሲ ሻርፕ አለች፣ ኢ ሜጀር ላይ ጂ ሻርፕ አለች። እንደውም እነዚህ ሶስቱ ላይ ጥቁሯን ትተህ ከስሯ ያለችውን ነጭ ስትይዝ ነው ማይነር የሚሆኑት፣ አንተ ካልከው በግልባጩ ማለት ነው። ሌላም አለ፣ ብዙዎቻችን ትራንስፖዝ (ኪቦርዱን በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ) እየተጫንን ሁሉንም ዘፈን በሲ ነው የምንጫወተው አይደል? ትራንስፖዝ ፕላስ 1 አድርገህ ሲ ሜጀርን ስትይዝ ከስፒከሩ የሚወጣው ሲ ሻርፕ ሜጀር ነው፣ እሱን በትክክለኛ ቦታው ብትይዘው ሁለት ጥቁር አለበት፣ ሰሚው ግን ያው ሜጀር ነው የሚሰማው። ጆሮ የቁልፍ ቀለም አያይም። የሚሰማው በኖታዎቹ መሀል ያለውን ርቀት ነው፣ ኮርድን ኮርድ የሚያደርገውም እሱ ርቀት ነው።

የከተማችንን ህንፃዎች አስቡ። ጂ ፕላስ 4፣ ጂ ፕላስ 7 እንላለን፣ ምድር ቤቱን ሳንቆጥር ከሱ በላይ ያለውን ነው የምንቆጥረው (ጂ ያልኩት ኖታዋን አይደለም፣ እንዳያምታታ ከዚህ በኋላ ምድር ቤት ነው የምለው)። የኮርዱ ስም የወጣበት ኖታ፣ ሩቱ፣ ምድር ቤት ይሁን። ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁልፍ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ 1ኛ ፎቅ ነው። ሃፍ ስቴፕ የሚባለው የአንድ ፎቅ ቁመት ነው። 12ኛ ፎቅ ስትደርሱ ያው የምድር ቤቱ ኖታ ቀጥኖ ይመጣል።

እንግዲህ ሜጀር ኮርድ ማለት ምድር ቤት፣ 4ኛና 7ኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲኖር ነው። ማይነር ኮርድ ማለት ምድር ቤት፣ 3ኛና 7ኛ። የምድር ቤቱም የ7ኛውም ተከራይ አልተነቃነቁም፣ መሀል ያለችው ብቻ አንድ ፎቅ ወርዳለች። ከሲ ስትቆጥሩ 3ኛው ፎቅ ጥቁር ላይ ይወድቃል፣ ከኤ ስትቆጥሩ ነጭ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም በኢና በኤፍ፣ በቢና በሲ መሀል ጥቁር ቁልፍ የለም። ልጁ የሲን ህንፃ ብቻ አይቶ የከተማው 3ኛ ፎቅ ሁሉ ጥቁር ቀለም የተቀባ መሰለው።

«ማይነር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚህ ርቀት ነው፣ እዚ ጋር ትንሽ ልቆይ። አውሮፓውያን ኢንተርቫል (በሁለት ኖታ መሀል ያለውን ርቀት) ሲሰይሙ እንደኛ ፎቅ አልቆጠሩም፣ የፊደል ስም ነው የቆጠሩት፣ መነሻውንም አንድ ብለው። ሲ አንድ፣ ዲ ሁለት፣ ኢ ሶስት፣ ስለዚ ከሲ እስከ ኢ ሰርድ ተባለ። ከሲ እስከ ኢ ፍላትም (ከኢ በታች ያለችው ጥቁር) ያው ፊደሉ ኢ ስለሆነ ሰርድ ነው (ለዚህ ነው ሲ ማይነር ላይ ያቺን ጥቁር ዲ ሻርፕ ብላችሁ ስትፅፉ የማርመው፣ ቁልፏ አንድ ናት ግን ዲ ሁለተኛ ፊደል ነው)። ሁለት ዓይነት ሰርድ ሲኖር መለያ ያስፈልጋል፣ ባለ 4 ፎቁን ሜጀር፣ ባለ 3 ፎቁን ማይነር አሉት፣ በላቲን ትልቁና ትንሹ እንደማለት ነው። ትንሹን ሰርድ የያዘ ኮርድ ማይነር ተባለ፣ አለቀ። ቃሉ የሚነግራችሁ መጠን ነው፣ ስለ ሀዘን ያለው ነገር የለም።

«ግን ያሳዝናል እኮ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የምዕራቡ ሙዚቃ ውስጥ ማይነርን ከሀዘን ጋር የማያያዝ ልማድ አለ፣ እኛም ከፊልሙም ከዘፈኑም ለምደነዋል። ግን ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ከምድር ቤቱ በላይ 4ኛው ፎቅ ያለበት፣ ትልቁ ሰርድ ያለበት ነው። በትዝታ ሜጀር ሆዱ ያልባባ ሰው አለ? ኮርዱ ብቻውን ሀዘንን የሚሰራ ቢሆን ኖሮ ይሄ ቅኝት የሰርግ ብቻ ይሆን ነበር። ፍጥነቱ፣ የድምፃዊው አወጣጥ፣ ግጥሙ፣ ሁሉም ይገባበታል።

ቅኝት ካነሳሁ አይቀር፣ ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ስለሆነ የሚገባው ማይነር ኮርድ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። የትዝታ ማይነር ኖታዎች ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። ኤ ፍላትን ምድር ቤት አድርጋችሁ ቁጠሩ፣ ሲ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ኢ ፍላት 7ኛ ላይ። ኤ ፍላት ሜጀር እዛው ውስጥ ቁጭ ብሏል። አምባሰልማ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ 3ኛውም 4ኛውም ፎቅ ባዶ ነው! «አምባሰል ሜጀር ነው ማይነር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በቀጥታ መልስ የማልሰጠው ለዚህ ነው፣ ሩቱ ላይ ሰርድ የለማ። ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ግን ከዛው ኖታ ይወጣሉ።

ሌሎቹን ኮርዶች ህንፃው ከገባችሁ ራሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ። 3 ወጥታችሁ እንደገና 3 ስትወጡ 6ኛ ፎቅ ላይ ትቆማላችሁ፣ ዲሚኒሽድ ነው፣ የላይኛው ተከራይ ወርዶ ቤቱ የጠበበበት። 4 እና 4 ሲሆን 8ኛ ላይ፣ ኦግመንትድ። ሰሰ ፎር የሚባለው ሰርዱን አባሮ 5ኛ ፎቅ የሚያስገባው ነው፣ ስለዚ እሱም ሜጀርም ማይነርም አይደለም። አንቺሆዬ ላይ ኮርድ ማስቀመጥ ለምን እንደሚከብድ የምትጠይቁኝ ልጆች፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤን ቁጠሩት፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ኦግመንትድ ነው፣ ጂ ፍላት፣ ኤ፣ ሲ ደሞ ዲሚኒሽድ፣ በጆሮ ሲመዘኑ ሁለቱም ማረፊያ የማይሰጡ ኮርዶች ናቸው።

ሰቨን ላይ (ከሩቱ ሰባተኛው ፊደል፣ ሰቨንዙ፣ ኮርዱ ላይ ሲጨመር) ሲደረስ ያው የቃሉ ነገር እንደገና ያምታታል። ሲ ሜጀር ሰቨን ሲባል «ሜጀር» የሚለው የሰቨንዙ ነው፣ ትልቁ ሰቨንዝ፣ 11ኛ ፎቅ። ሲ ሰቨን ብቻ ሲባል ትንሹ ነው፣ 10ኛ ፎቅ፣ ከታች ያለው ግን ያው ሜጀር ኮርድ ነው። ሲ ማይነር ሰቨን ሲባል ደሞ «ማይነር» የሰርዱ ነው፣ ሰቨንዙ ግን ያው 10ኛ ፎቅ ነው። ቃሉ አንዴ ለታችኛው አንዴ ለላይኛው መዋሉ ያናድዳል፣ እኔንም ያናድደኛል፣ ግን መቁጠር የሚችል ሰው አይሳሳትም። «ሜጀር ሰቨን ማለት ሜጀር ኮርድ ላይ ሰቨን መጨመር ነው» ብሎ የተማረ ልጅ ግን ሲ ሰቨን በሚፈለግበት ቦታ ቢን (11ኛውን ፎቅ) ይጫንና ልምምዱ በሙሉ ይቆማል፣ አይቼዋለሁ።

ተከራዮቹ ቦታ ሲለዋወጡስ? ኢ፣ ጂ፣ ሲ ብላችሁ ስትይዙ ከታች ወደ ላይ ርቀቱ 3 እና 5 ይሆናል፣ ግን ኮርዱ አሁንም ሲ ሜጀር ነው፣ የቤቱ ባለቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ሄዶ ተኛ እንጂ ቤቱን አልሸጠም። ይሄንን በደንብ አብራርቶ የፃፈው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ራሞ ነው፣ በ1722 እ.ኤ.አ.። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ባንድ ውስጥ ባለቤቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ቤዝ ጊታሩ ነው። እኔ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይዤ ቤዙ ሲ ላይ ከቆመ ሲ ሲክስ (ስድስተኛው ፊደል ኤ ስለተጨመረ) እንለዋለን፣ ቤዙ ወደ ኤ ከወረደ ያው አራት ኖታ ኤ ማይነር ሰቨን ሆነ፣ እኔ ጣቴን ሳላነሳ። ስለዚ ቤዝ ተጫዋቹን ሳታዳምጡ ኮርድ ሰየምን አትበሉ።

ሌላው፣ ኪቦርድ ላይ 12ቱ ፎቆች እኩል ቁመት እንዲኖራቸው ተደርጎ የተስተካከለ ነው፣ ተፈጥሮ ግን እንደዛ አልከፋፈለችውም። ኤ 440 ኸርዝ ከሆነ ንፁሁ ሜጀር ሰርድ 550 ላይ ነው የሚውለው፣ ኪቦርዱ ላይ ያለችው ሲ ሻርፕ ግን 554 አካባቢ ናት፣ በደንብ ብታዳምጧት ትንሽ ከፍ ብላ ትሰማለች። ፊፍዙ (7ኛው ፎቅ) ግን ከ660 እምብዛም አይርቅም። ክራር ደሞ በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ ባለ ክራሩ ያስቀመጣት ሰርድ ከኔ ቁልፍ ጋር ላትገጥም ትችላለች፣ አብረን ከመታናት ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከክራር ጋር ስጫወት ምድር ቤቱንና 7ኛውን ፎቅ ብቻ እይዝና መሀሉን ባዶ እተወዋለሁ፣ ሰርዷን ክራሩ ይላታል።