ታኒን ምንድን ነው? የዛፍ ቅጠል መኖና የከብት ሆድ

ታኒን በዛፍ ቅጠል፣ ቅርፊትና ፍሬ ውስጥ የሚገኝ፣ ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅ ንጥረ ነገር ነው። ያልበሰለ ሙዝ ሲቀመስ አፍ የሚያደርቀው የምራቅን ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው። ቆዳ በቅርፊት ሲለፋ የማይበሰብሰውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

በሚያመሰኳ ከብት ሆድ ውስጥ ግን ይይዛልም፣ ይለቅቃልም። በመጀመሪያው ትልቁ የሆድ ክፍል፣ በጨጓራ ውስጥ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6 እስከ 7 በሆነበት፣ ፕሮቲኑን ጠቅልሎ ይይዝና ተሕዋስያን እንዳያፈርሱት ያደርጋል። አራተኛው የሆድ ክፍል ሲደርስ ፒኤቹ ወደ 3 ስለሚወርድ እስሩ ይላላል፤ ፕሮቲኑም በአንጀት ይመጠጣል። ታኒኑ ከመኖው ደረቅ ክብደት ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን ጥሩ ነው። ከ5 በመቶ ሲያልፍ ብዙው ፕሮቲን ሳይፈታ በእበት ይወጣል፤ አሰር የሚያፈጩት ተሕዋስያንም ይዳከማሉ፤ ከብቱ መኖ ይተዋል።

ስለዚህ «ቅጠሉ 20 በመቶ ፕሮቲን አለው» ማለት ብቻውን አይበቃም። በወሎ ቆላ፣ በቃሉና በባቲ በኩል፣ በበጋ ዋናው መኖ የማሽላ አገዳ ነው። የአገዳው ፕሮቲን ተሕዋስያኑ ከሚፈልጉት 7 በመቶ ገደማ በታች ነው፤ ጨጓራው ተርቧል ማለት ነው። በዚህ ላይ ታኒን የበዛበትን የአካሻ ሳሊግና ቅጠል መጨመር ለተራበ ሰው የተቆለፈ ጎተራ ማሳየት ነው። ለአገዳና ለጭድ ታኒኑ አነስ ያለ ቅጠል ይመረጥ፦ በደጋ ትሪ ሉሰርን፣ በቆላ ሰስባንያ። በክረምት መውጫ፣ ማገጥ የተባለው የመስክ ተክል እርጥቡ ሆድ በሚነፋበት ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጥቂት ታኒን ሆድ የሚነፋውን አረፋ ይቀንሳል።

ቅጠሎችን ለማነጻጸር ከየዛፉ እኩል እፍኝ ቅጠል ጨፍልቁ፤ በየብርጭቆው ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉና ዝገት የያዘ ሚስማር ጨምሩ። በማግስቱ ውሃው እንደ ቀለም የጠቆረው ታኒን ይበዛበታል። ቁጥር አይሰጥም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን ይጠቁማል።

20 ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን 600 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ከዚህ ውስጥ ቅጠሉ ከሲሶ አይብለጥ፦ 200 ግራም ደረቅ፣ እርጥብ ከሆነ 700 ግራም ገደማ። በእፍኝ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳደግ ነው። ፍየል ከበግና ከከብት የበለጠ ትችላለች፤ ለእሷ የተስማማውን ለላም እንዳለ መስጠት ስህተት ነው። ግርግም ውስጥ ቅጠል ተርፎ ካደረ ወይም በጠጡ ከደረቀ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ።