«ራሱን ይካድ» ማለት ራሱን ይናቅ ማለት ነው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር ተቀምጠን፣ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት እህታችንን መዝሙር እንድትመራ ለመንናት። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች «ኧረ እኔ የማልረባ ነኝ፤ ራስህን ካድ ተብሎ የለ?» አለች። አንጀቴን በላችው። ስንቶቻችን ነን ቃሉን እንዲህ የምንረዳው!

ጌታ በማቴዎስ 16፥24 «ራሱን ይካድ» ያለው፣ ጴጥሮስ ከመከራው መንገድ ሊመልሰው ከሞከረ በኋላ ነው። እንግዲህ የሚካደው «እኔ ያልሁት ካልሆነ» የሚለው ፈቃዳችን ነው። መካድና መጥላት ይለያያሉ። ያው ጴጥሮስ በምዕራፍ 26 ጌታን ሲክደው «አላውቀውም» አለ እንጂ ጠልቶት አልነበረም፤ ባይወደው ኖሮ ምርር ብሎ ባላለቀሰም።

«ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውስ? ራሱን የሚንቅ ሰው ባልንጀራውን በምን ሊለካው ነው?

ትሕትናን ለማየት እኔ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ዮሐንስ 13 ነው። ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ ውኃ በመታጠቢያ ጨምሮ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። አጥቦ ሲያበቃ ግን «እኔ ምንም አይደለሁም» አላለም። «መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፤ እንዲሁ ነኝና መልካም ትላላችሁ» ነው ያለው። ማንነቱን ሳይክድ ዝቅ አለ።

ይህን ስነግራት ዝም ብላ ውኃውን አየች። ትንሽ ቆይታ የመዝሙር ደብተሩን ተቀበለችኝ።