ዓይን ውስጥ ፏፏቴ አለ ወይ?

አንድ ማለዳ አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመው «ጦሳ ዛሬም ጉም ለብሷል» አሉ። ደሴ ነውና ማንም አልገረመውም። እዚህ ጉም ከሰው ጋር ነው የሚያድረው። ችግሩ ቀኑ ጥርት ያለ መሆኑ ነበር። ጦሳ ተራራ ከነዛፉ ፊት ለፊታችን ተገትሯል።

ሐኪም ካያቸው በኋላ በተሰጣቸው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ «ካታራክት» ተብሎ ተጽፏል፤ የዓይን ሞራ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ ትርጉሙን ፈለገችና ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ፏፏቴ»። ቡናው ቶና ላይ ነበር። ሳቁ እስከ በረካ አላባራም። ከዚያ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ማብራሪያ ይዞ ተነሳ። አብዛኛው ስህተት ነው፣ የኔም ጭምር። በተነሱበት ቅደም ተከተል ልሂድባቸው።

«ስልኩ ተሳስቷል»

ይሄ የኔ ነበር። ስልኩ ግን አልተሳሳተም። ቃሉ ከግሪክ ነው የመጣው። «ካታ» ማለት ወደ ታች ነው፤ ካታራክቴስ ደግሞ እየተወረወረ የሚወርድ ነገር ነው። ግሪኮቹ ፏፏቴን እንዲህ አሉት። ከላይ ተለቅቆ የምሽግ በር የሚዘጋውንም የብረት ፍርግርግ እንዲሁ አሉት። ዓሣ ሊነጥቅ ወደ ባሕር የሚወረወር አንድ ወፍም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እንግሊዝኛው ቃሉን በላቲን በኩል ወረሰው። ዛሬ ሁለት ትርጉም ይዞ ይኖራል፤ ትልቅ ፏፏቴና የዓይን ሞራ። ስልኩ የመጀመሪያውን አነበበ እንጂ አልዋሸም።

«ፏፏቴ የግዕዝ ቃል ነው»

ግዕዙ ሌላ ነው፤ አስራብ ይለዋል። ዳዊት የሚደግሙት የጎረቤታችን ቄስ ወዲያው «በቃለ አስራቢከ» ብለው አስታወሱን። ቀላይ ቀላይን በፏፏቴህ ድምፅ ትጠራለች የሚለው መዝሙር ላይ ያለ ነው። በኖኅ ዘመን የሰማይ መስኮቶች ተከፈቱ የምንለውም በግዕዙ አስራበ ሰማይ ነው። ግዕዙ የተተረጎመው ከግሪክ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ ያው ቃል ጋ እንደርሳለን። በሁለቱም ቦታ ግሪኩ የሚለው ካታራክቴስ ነው። የአክስቴ ወረቀት ላይ ያለው ቃል ዳዊት ውስጥ ዘመድ አለው ማለት ነው። ቄሱ በዚህ በጣም ደስ አላቸው።

ፏፏቴ ግን ከድምፁ የተወለደ የአማርኛ ቃል ነው። ውሃው ፏ ይላል፣ ፏፏ ይላል፣ ስሙም ፏፏቴ ሆነ። ፏ ራሷ ከዲቃላ ፊደላት አንዷ ናት፤ ፍን እና ዋን በአንድ ትንፋሽ ታስኬዳለች። «ፋፋቴ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አጋጥሞኛል። የሚፋፋው ልጅ ነው እንጂ ውሃ አይደለም! ልጆቹ ደግሞ ዘንጦ፣ አምሮበት የመጣን ሰው «ፏ ብሏል» ይላሉ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

«ጢስ ዓባይ ከስድስቱ የዓባይ ካታራክቶች አንዱ ነው»

አይደለም። ቁጥር የተሰጣቸው ስድስቱ በአስዋንና በካርቱም መካከል ያሉ ናቸው። አንደኛው ግብፅ ውስጥ ነው፣ አምስቱ ሱዳን። ከገደል ዘለው የሚወርዱም አይደሉም፤ ወንዙ በድንጋይ መሃል እየተላተመ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ጢስ ዓባይ እውነተኛ ፏፏቴ ነው፤ እነሱ ቁጥሩን ይዘው ቀሩ።

«ዓይን ስለሚያነባ ነው ፏፏቴ የተባለው»

ይሄኛው ሁሉንም አሳምኖ ነበር። ነገር ግን የዓይን ሞራ በተለመደው አመጣጡ አያስነባም፣ አያምምም። ዝም ብሎ ያጨልማል።

እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይጥማል። የጥንት ሐኪሞች በብሌኑ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር ሲያዩ፣ ከአንጎል ፈሳሽ ወርዶ ዓይን ውስጥ የረጋ መሰላቸው። ግሪኮቹ ይህን አስተማሩ፣ የዓረብ ሐኪሞችም ተቀበሉት። ዓረቦቹ በሽታውን «የውሃ መውረድ» አሉት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አፍሪካዊው ቆስጠንጢኖስ የሚባል፣ ከሰሜን አፍሪካ ወደ ጣሊያን ሄዶ የመነኮሰ ሰው የዓረብኛ የሕክምና መጻሕፍትን ወደ ላቲን ሲመልስ፣ ለሚወርደው ውሃ «ካታራክታ» የሚለውን ቃል ሰጠው። አንዳንዶች ደግሞ ስሙ የመጣው ከዚያ የብረት በር ነው ይላሉ፤ ዓይን ላይ ወርዶ ብርሃኑን ስለሚዘጋ። እኔ በበኩሌ ውሃውን እመርጣለሁ።

ሕክምናውም እምነቱን የተከተለ ነበር። ዓይኑን በመርፌ ወግተው «የረጋውን ውሃ» ወደ ታች ይገፉታል። ብርሃን ይገባል፣ ግን ሰውየው አጥርቶ አያይም፤ ብዙ ጊዜም ዓይኑ ጨርሶ ይጠፋል። የሚገፉት ውሃ እንዳልሆነ የለየለት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1705 ሚሼል ብሪሶ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሞተ ወታደር ዓይን ከፍቶ አየ። የደፈረሰው ራሱ የዓይኑ ሌንስ ነበር፤ ብርሃን ሰብስቦ የሚያሳየን የዓይን ክፍል። የወረደ ውሃ የለም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ውሃ እንደያዘ ነው።

«የኔ እናት ጅዳ የታከመችው ሌላ ነው፣ ሞያ በይዳ ነው»

ይህን ያለችው ጅዳ ሠርታ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ናት። አክስቴ «የምን ሞያ ነው ደግሞ?» አሉ። ሞያ በሳዑዲዎቹ አፍ ውሃ ነው፣ በይዳ ነጭ። ነጭ ውሃ ማለት የዓይን ሞራ ነው፣ ያው አንድ በሽታ። ያ የጥንቱ «የወረደ ውሃ» ዓረብኛው ውስጥ ሳይደርቅ ቀርቷል። መለየት ያለበት ሰማያዊ ውሃ የሚሉት ነው። እሱ ግላኮማ ነው፣ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሌላ በሽታ። የዓይን ሞራ የጋረደው ብርሃን በቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ ግላኮማ የወሰደው ግን አይመለስም።

«ሞራ ስለሆነ ከላይ ተገፍፎ ይነሳል»

እዚህ ላይ ያሳሳተን የራሳችን ቃል ነው። ሞራ የምናውቀው በግ ሲታረድ ጨጓራው ላይ እንደ ሻሽ ተዘርግቶ ነው። ሞራ ገላጩም የሚያነበው እሱኑ ነው። ስለዚህ የዓይን ሞራ ሲባል ከላይ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ይመስለናል። «ገፈፏቸው» እንላለን። አክስቴም የፈሩት ዓይናቸው እንደ በግ ቆዳ እንዳይገፈፍ ነበር፣ አልፈርድባቸውም።

ከላይ ምንም የለም። ሌንሷ ከብሌኑ ኋላ ናት። ሌንስ በላቲን ምስር ማለት ነው፤ ቅርጿ ምስር ስለሚመስል ነው። ሐኪሙ ጠባብ ቀዳዳ ከፍቶ የደፈረሰችውን ያወጣና በምትኳ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስቀምጣል። ዓይን ይደነዝዛል፣ ሰውየው ግን አይተኛም። ሰው ሠራሹን ሌንስ መጀመሪያ የተከለው ሃሮልድ ሪድሊ ነው፣ ለንደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1949። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን አይቶ ነበር። ያ ፕላስቲክ ዓይናቸውን አላስቆጣም። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠራ።

«ሳይበስል አይነካም»

ድሮ እውነት ነበር፤ የቀድሞው አሠራር የጠነከረ ሞራ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ማየት ሲያስቸግር ያኔውኑ ይሠራል። ከመጠን በላይ ሲቆይ ይጠጥራል፣ የዓይን ግፊትም ሊያስነሳ ይችላል። «መብሰል» የሚለው ቃል ግን መጥፎ አይደለም። የእንቁላል ነጩ ሲበስል እንደሚነጣው ሁሉ የሌንሷም ፕሮቲን ይረጋል። የበሰለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ስለዚህ ጠብታም ማርም ቅጠልም አያጠራውም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት 49.9 በመቶው ከዚሁ ሞራ የመጣ ነበር። ስንቱ ይሆን ይብሰል እየተባለ የተቀመጠው?

አክስቴ ተሠሩ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፀጉራቸውን ሸፈፍ አድርገው ተቀመጡ። የእህቴ ልጅ ገና ከበሩ ስታያቸው፣

«ውይ! ፏ ብለዋል እኮ!»

አክስቴ ደነገጡ።

«ያ ረቢ! ውሃው ወጥቷል አላሉኝም እንዴ?»