ኤልያስ ስሜ እና የሐርላ መንደር

ኤልያስ ስሜ በ1968 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተወለደ ኢትዮጵያዊ የሥነ ጥበብ ባለሙያ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተመረቀ በኋላ ቅይጥ ቁስ በሚባለው ዘርፍ፣ ማለትም ክርን፣ አዝራርን፣ ቆርኪን፣ ቀንድን፣ ጭቃንና የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪን አዋሕዶ በመሥራት፣ ከአገር ውጭም ስሙ ታውቋል። በ2022 እ.ኤ.አ. በጣሊያን በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የቬኒስ ቢናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቹ ቀርበዋል።

ይበልጥ የሚታወቀው «ታይትሮፕ» (ውጥር ገመድ) በሚል ርእስ በሚጠሩት ተከታታይ ሥራዎቹ ነው። የእነዚህ ጥሬ ዕቃ ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚሰበሰብ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ)፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል የሚያዩት የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ልባስ ያላቸው ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ሥራውን «የቆሻሻ መልሶ መጠቀም» ብሎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም አጠራሩ ይጠብበታል። ሽቦው የተመረጠው በቀለሙ፣ በውፍረቱና ብዙ እጅ የነካው ዕቃ በመሆኑ እንጂ ተጥሎ በመገኘቱ ብቻ አይደለም።

የኤልያስ የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ አንትሮፖሎጂስትና የዐውደ ርእይ አዘጋጅ መስከረም አሰግድ ናት። ሁለቱ በኢትዮጵያ ገጠሮች እየተዘዋወሩ ሥርዓተ አምልኮን፣ የእጅ ሥራንና የቤት አሠራርን አጥንተዋል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተከፈተውና በጭቃና በጭድ የታነጸው ዞማ ሙዚየም የዚህ ልፋት ውጤት ነው። ከሙዚየሙ በፊት የነበረው ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ከአዲስ አበባ ሌላ ሁለተኛ ቦታ የነበረው በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ ነበር።

የቦታው ምርጫ ትርጉም ያለው ነው። በሐርላ አካባቢ ገበሬዎች ማሳቸውን ሲያርሱ የጥንት ሳንቲምና ዶቃ ማግኘታቸው፣ የፈረሱትን ትላልቅ የድንጋይ ቤቶችም የሠሯቸው ግዙፍ ሰዎች ናቸው መባሉ የቆየ ወሬ ነው። በእንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲደረግ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን የሆነ መስጊድ፣ ጌጣጌጥ የሚሠራበት ቦታ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ካርኔሊያን የተባለው ቀይ ድንጋይ፣ ዛጎል፣ ከግብፅ የመጣ ሳንቲምና የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ታይቷል። በሌላ አነጋገር ከሩቅ አገር የመጣን ቁስ ተቀብሎ ለአገሬው ዓይን የሚስማማ ጌጥ ማድረግ በዚህ አካባቢ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ዕለታዊ ሥራ ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. የደረሰባት ድሬዳዋም የቆመችው በዚያው የንግድ መስመር አካባቢ ነው።

ተመሳሳዩን ልማድ በሕይወት ለማየት ወደ ሐረር ጀጎል መውጣት ይበቃል። በሐረሪ ቤት፣ በአገሬው አጠራር ጌ ጋር፣ እንግዳ የሚቀመጠው ነደባ በተባሉትና ከፍታቸው በሚበላለጥ መደቦች ላይ ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ይሞላል። ከአለላ የተሰፋው ሰፌድ ከውጭ ከመጣው አበባማ የብረት ሳህን ጎን ይሰቀላል፤ የእንጨት ገበቴና ጥቁር የሸክላ ዕቃም በቦታ በቦታቸው ይቀመጣሉ። ሰፌዱን የሚሰፉት ሴቶች ናቸው፤ ቀድሞ ልጃገረዶች ጥበቡን የሚማሩት ሞያ ጋር በሚባለው ቤት፣ በዕድሜ የገፋች ባለሙያ ዘንድ ተሰብስበው ነበር። ወስፌው ይወጋል፣ ቀለም የተነከረው ሣር በቀዳዳው ያልፋል፣ ተስቦ ይጠብቃል፣ እንደገና ይወጋል፤ አንድ ትልቅ ሥራ ወራት ይፈጃል።

ኤልያስ ሽቦውን ከዚህ ግድግዳ ቀዳው ማለት ድፍረት ይሆናል። ሆኖም የሐረር ሰፌድ እየሰፋች ያደገች ሴት በሥራው ፊት ብትቆም፣ በመጀመሪያ የምትፈትሸው የጉንጉኑን ጥብቀት መሆኑ አይቀርም።