አኩፓንክቸር ለሆርሞን ክኒን ቁርጥማት

የጡት ካንሰር ሕክምናዋን የምትከታተል ሴት ማለዳ ጣቷ አልታጠፍ፣ ጉልበቷ አልዘረጋ ሲላት ደሴ ላይ ቀድሞ የሚወቀሰው ብርድ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ለተቀመጠ ሰው ጥርጣሬው አይፈረድበትም። ሴትዮዋ አናስትሮዞል፣ ሌትሮዞል ወይም ኤግዚሜስቴን የምትወስድ ከሆነ ግን መጠርጠር ያለበት ክኒኑ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች ከሚወስዱት ሴቶች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ቁርጥማቱ ያገኛቸዋል፤ ወደ ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ቢወርዱም አይለቃቸውም።

የወር አበባ ከቆመ በኋላም ሰውነት፣ በተለይ ስብ ያለበት ክፍል፣ አሮማቴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካኝነት ኤስትሮጅን መሥራቱን አይተውም። አንዳንዱ የጡት ካንሰር የሚያድገው ደግሞ በዚሁ ሆርሞን ነው። ክኒኖቹ ኢንዛይሙን ስለሚያግዱ ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይዋጣሉ። የወር አበባቸው ላልቆመ ሴቶች በብዛት የሚታዘዘው ታሞክሲፈን ነው፤ እሱ በመገጣጠሚያ ላይ ያን ያህል አይከፋም።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኝ እኩል ይይዛል። እጅ፣ አንጓና ጉልበት ይበረቱበታል፤ ካረፉ በኋላ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይላላል። ሊጥ ማቡካት፣ የታጠበ ልብስ መጭመቅ፣ ጀበና አንስቶ መቅዳት ሁሉ ፈተና ይሆናል። ከሕመሙ የከፋው ግን ለሐኪም ሳይናገሩ ክኒኑን መተው ነው፤ ካንሰሩ የሚመለስበትን በር ይከፍታል።

አኩፓንክቸር «የመርፌ ሕክምና» ሲባል ሰው ክትባት ይመስለዋል። መድኃኒት የሚሰጥበት መርፌ አይደለም፤ ውስጡ ድፍን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ዋግምትም አይደለም፤ ደም ለማውጣት አይደረግም። ባለሙያው በሚያመው መገጣጠሚያ ዙሪያ፣ በሌላ የሰውነት ክፍልና በጆሮ ላይ ይተክለውና ለጥቂት ጊዜ ትቶት ይነቅለዋል።

ከሁሉ የሚጠቀሰው ጥናት አሜሪካ ውስጥ በ226 ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ነው። አንዱ ቡድን እውነተኛውን አኩፓንክቸር፣ ሁለተኛው ከትክክለኛው ቦታ ውጭ ላይ ላዩን የሚደረገውን ማስመሰያ ወሰደ፤ ሦስተኛው ያለ ሕክምና ጠበቀ። ከ0 እስከ 10 በሚለካው የሕመም መጠን፣ በ6ኛው ሳምንት የመጀመሪያው ቡድን ሕመም በ2.05 ነጥብ ሲቀንስ የሌሎቹ ሁለቱ በ1.07 እና በ0.99 ቀነሰ። ልዩነቱ 1 ነጥብ ገደማ መሆኑ ነው፤ ተአምር አይደለም፣ ከንቱም አይደለም። ለውጡ ከዓመት በኋላም ታይቷል። የጎንዮሽ ጉዳቱ በብዛት መርፌው የገባበት ቦታ መበለዝ ነበር። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም አኩፓንክቸርን መክሯል።

ለወሎ ሴት ጭንቁ ምልልሱ ነው። በጥናቱ የተሰጠው ሕክምና በ6 ሳምንት 12 ጊዜ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሌላ 6 ሳምንት፣ በድምሩ 18 ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ውስጥ የቻይና ሐኪሞች ሲሰጡት ቆይተዋል፤ ከደሴ እዚያ ድረስ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘመድ ቤት ከርሞ ካልሆነ በቀር ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት ባለችበት ከሚከታተላት ሐኪም ጋር መጀመር ይሻላል። አንዱን ክኒን በሌላው መቀየር ሊረዳ ይችላል፤ ዱሎክሴቲን የተባለው መድኃኒትም በጥናት ጠቅሟል። አዘውትሮ በእግር መሄድና ጡንቻ ማጠንከር ደግሞ ሕመሙን እንደሚቀንስ የታየና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው።

ፍል ውሃ መግባት ወይም ፌጦ መቀባት ለጊዜው ደስ ይል ይሆናል። በቀዶ ጥገና የብብት ዕጢ የወጣላት ሴት ግን በዚያው ወገን ክንድ ላይ ዋግምት ማስደረግም ሆነ ለወጌሻ አሳልፋ መስጠት የለባትም፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ክንዱም አብጦ ሊቀር ይችላል። አኩፓንክቸር የሚሠራ ባለሙያ ጋ ብትሄድም መርፌ ከመትከሉ በፊት የትኛው ጡት እንደተነካ መንገር አለባት።